ክትባቱን የሰጠችዎ ማን ነች? የፋርማሲ ቴክኒሺያን ሥራ ወዴት እየሰፋ ነው

አሜሪካ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ፋርማሲ ጎራ ብሎ የፍሉ ወይም የኮቪድ ክትባት የተከተበ ሰው፣ መርፌውን የያዘችው ፋርማሲስቷ ሳትሆን ቴክኒሺያኗ ልትሆን እንደምትችል አስቦ አያውቅ ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ ይቆማሉ፣ ሁለቱም ደረታቸው ላይ ስማቸውን ለጥፈዋል። ከ2017 በፊት ግን ቴክኒሺያን ክትባት እንዲወጋ የፈቀደ አንድም ስቴት አልነበረም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለውጡ በክትባት አያበቃም። ሌላ ቴክኒሺያን ያዘጋጀውን መድኃኒት መፈተሽ፣ ሆስፒታል የገባ ሰው ቤቱ ምን ምን ይወስድ እንደነበር ማጣራት፣ ፋርማሲስት በአካል በሌለበት ቅርንጫፍ መሥራት፤ እነዚህ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ቴክኒሺያኖች እየመጡ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በዚህ ሙያ እንጀራ የሚበሉ ወገኖች ስላሉን፣ ጉዳዩ በሠራተኝነትም በታካሚነትም ይመለከተናል።

ቴክኒሺያን ስንል ማንን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ፋርማሲስት ለመሆን «ፋርም ዲ» የሚባለው የዶክትሬት ዲግሪ ያስፈልጋል። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይፈጃል። ለቴክኒሺያን ግን በብዙ ቦታ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያና የጥቂት ወራት ሥልጠና ይበቃል፤ እዚያው እየሠሩ የሚማሩም አሉ።

የአንድን ማዘዣ ጉዞ ብንከተል የሥራ ክፍፍሉ ይገባናል። ሐኪሙ የላከው ማዘዣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲመጣ ቴክኒሺያኗ የታካሚውን ስም፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና አወሳሰዱን ታስገባለች፤ ከዚያ ለኢንሹራንሱ ትልካለች። ኢንሹራንሱ «ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገዋል» ብሎ ከመለሰው፣ ስልክ ይዛ የምትሟገተው እሷው ነች። (የዚህን ሥራ ክብደት የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።) ቀጥላ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ታወርዳለች፣ ባርኮዱን ታነባለች፣ ትቆጥራለች፣ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፉን ትለጥፋለች።

ፋርማሲስቱ በዚህ ሂደት ውስጥ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። አንደኛ፦ ይህ መድኃኒት በዚህ መጠን ለዚህ ሰው ይስማማል ወይ? ሁለተኛ፦ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው በእርግጥ የታዘዘው ነው ወይ?

ድንበሩ የቱ ጋ ነው?

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉ ይምሰሉ እንጂ የተለያየ ችሎታ ነው የሚጠይቁት። ባንክን እናስብ። ለአንድ ሰው ብድር ይገባዋል አይገባውም ብሎ መወሰን አንድ ሥራ ነው፤ የተፈቀደለትን ገንዘብ ሳያዛንፉ ቆጥሮ መስጠት ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው የተበዳሪውን ታሪክ ማወቅ፣ ማመዛዘንና በውሳኔው መጠየቅን ይፈልጋል። ሁለተኛው የሠለጠነ እጅና የማይዘናጋ ዓይን ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ብር ሲቆጥር ቢውል የሚከለክለው የለም፤ ማመልከቻዎቹ ግን ጠረጴዛው ላይ ይከመራሉ።

ወደ ፋርማሲው እንመለስ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አዲስ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት እንበል። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ አድርገው ደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው የታካሚውን ዕድሜ፣ ኩላሊትና ጉበቱን፣ ሌሎች መድኃኒቶቹን አይቶ፣ ካስፈለገም ለሐኪሙ ደውሎ መወሰን አለበት። ይህ የፋርማሲስቱ ነው፤ ለቴክኒሺያን አልተላለፈም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው ክኒን 5 ሚሊግራሟ እንጂ 10 ሚሊግራሟ አለመሆኗን ማየት ግን የማመሳከር ሥራ ነው። ባርኮድ ያነበበ፣ የክኒኗን ቅርፅ፣ ቀለምና ቁጥር ያመሳከረ ሰው ሊመልሰው ይችላል።

በየስቴቱ አሁን እጅ እየቀየረ ያለው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ያለው ሥራ ነው። «ቴክኒሺያኖች የፋርማሲስቱን ቦታ ሊወስዱ ነው» የሚለው ወሬ ይህን ልዩነት ስለሚዘለው ነው የሚያሳስተው።

ሌላው ድንበር ምክር ነው። በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ ፋርማሲዎች ለሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ታካሚዎች ስለ መድኃኒታቸው ምክር እንዲያቀርቡ አስገደደ፤ አብዛኞቹ ስቴቶችም ለሌላው ታካሚ አስፋፉት። መድኃኒት ስንቀበል «ለፋርማሲስቱ ጥያቄ አለዎት?» የምንባለው በዚህ ምክንያት ነው። ቴክኒሺያኗ ጥያቄውን ታቀርባለች እንጂ ምክሩን አትሰጥም። «እኔም እወስደዋለሁ፣ ምንም አይልም» ያለች ቴክኒሺያን በቅን ልብ ብትናገረውም ድንበሩን አልፋለች። በአማርኛ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። አንዲት እናት «ልጄ፣ እንግዲህ ይሄን ልውጠው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲሉ «ፋርማሲስቱን ልጥራልዎ፣ እኔ አስተረጉማለሁ» ማለት የማይጨነቁላቸው ያስመስላል። የሚጨነቅላቸው ሰው የሚሠራው ግን ይህንኑ ነው።

ቴክኒሺያን የቴክኒሺያንን ሥራ ቢፈትሽ አያሰጋም?

ጥያቄው የቆየ ነው፤ ጥናቶቹም እንደዚያው። አሠራሩ ቀላል ነው። ለሆስፒታል ታካሚዎች በየሰዓቱ የሚሰጡትን መድኃኒቶች አንዱ ቴክኒሺያን ያዘጋጃል፤ ለፍተሻ ተለይቶ የሠለጠነ ሌላ ቴክኒሺያን ደግሞ አንድ በአንድ ያመሳክራል። ማዘዣው ለታካሚው የሚስማማ መሆኑን ፋርማሲስት አስቀድሞ አይቶታል።

በ2002 የታተመ በካሊፎርኒያ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት የሁለቱን ወገን ፍተሻ ጎን ለጎን አስቀመጠ። የቴክኒሺያኖቹ ትክክለኛነት 99.88 በመቶ፣ የፋርማሲስቶቹ 99.52 በመቶ ሆነ። በ2011 ደግሞ ከ1978 ጀምሮ የታተሙ 11 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ በአማካይ ቴክኒሺያኖች 99.6፣ ፋርማሲስቶች 99.3 በመቶ ማግኘታቸውን አሳየ። ካሊፎርኒያ በ2007 አሠራሩን ለሆስፒታሎች ፈቀደች። አዮዋ ከ2014 ጀምሮ ከሆስፒታል ውጭ፣ በየሰፈሩ ባሉ ፋርማሲዎች ሞከረችው።

ቁጥሩን ሲያዩ «ታዲያ ቴክኒሺያኖቹ ይበልጣሉ ማለት ነው?» ማለት ይቀናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በጥናቶቹ ውስጥ ያሉት ቴክኒሺያኖች ለዚህ ሥራ ተመርጠው የሠለጠኑና በየጊዜው የሚፈተኑ ናቸው። በዚያ ሰዓት ሥራቸው ፍተሻ ብቻ ነው፤ ፋርማሲስቱ ግን ክኒን እያመሳከረ ከሐኪም ስልክ ይቀበላል፣ ከነርስ ጥያቄ ይመልሳል። ጥናቶቹ ያረጋገጡት በቂ ሥልጠና ያገኘ ቴክኒሺያን በዚህ በአንዱ ሥራ ከፋርማሲስት እንደማያንስ ነው። ትናንት የተቀጠረ ሰው ፍተሻ ላይ ይቀመጥ የሚል ጥናት የለም።

ሥልጠና ባይኖርስ ምን ይሆናል?

ምን እንደሚሆን በኦሃዮ ታይቷል። በ2006 በክሊቭላንድ ኤሚሊ ጄሪ የተባለች የሁለት ዓመት ሕፃን የካንሰር ሕክምናዋን እያገባደደች ነበር። የኬሞቴራፒ መድኃኒቷ የሚበጠበጥበት የጨው ውኃ ጨዉ 1 በመቶ እንኳ መሙላት የለበትም። ቴክኒሺያኗ ያዘጋጀችው ግን ከ20 በመቶ በላይ ጨው ነበረው። ኃላፊ የነበረው ፋርማሲስት ስህተቱን ሳያይ አሳለፈው፤ ሕፃኗም ሞተች።

ፋርማሲስቱ ተከሶ በ2009 የ6 ወር እስራት ተፈረደበት። በወቅቱ በኦሃዮ ማንም ሰው ያለ ሥልጠናና ያለ ፈቃድ ቴክኒሺያን ሆኖ መሥራት ይችል ነበር። በዚያው በ2009 «የኤሚሊ ሕግ» የተባለው ወጥቶ የቴክኒሺያኖችን ብቃት የሚመለከት መስፈርት አስቀመጠ።

ይህ ታሪክ በሙያው ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነሳው በሁለት ወገን በኩል ነው። ለቴክኒሺያኖች ተጨማሪ ሥራ መሰጠቱን የሚፈሩ ፋርማሲስቶች «ስህተቱ የእሷ፣ እስሩ የእኔ» ይላሉ፤ ፍርሃታቸው ከአየር የመጣ አይደለም። መስፋፋቱን የሚደግፉት ደግሞ አደጋው የደረሰው ሥልጠናና ምዝገባ ባልነበረበት ሥርዓት ውስጥ መሆኑን ያስታውሳሉ። ለእኔ የሁለተኛዎቹ መከራከሪያ ያመዝናል፤ ቴክኒሺያኖች እነዚህን መድኃኒቶች ሲበጠብጡ የኖሩት ሕግ ሳያያቸው ነው። ተጠያቂነቱ ለማን እንደሆነ በሕግ ሳይለይ ሥራውን ብቻ ማስተላለፍ ግን ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ አይሆንም።

ክትባት መስጠት እንዴት ተፈቀደ?

በ2017 መንገዱን የከፈተችው አይዳሆ ነች። ገጠር የሚበዛባት፣ ሐኪም ቤት የሚራራቅባት ስቴት መሆኗ አይገርምም። ጥቂት ስቴቶች ተከተሏት። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ክንድ የሚወጋ እጅ ጠፋ። በኦክቶበር 2020 የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት በአደጋ ጊዜ ሥልጣኑ ተጠቅሞ ቴክኒሺያኖች በመላ አገሪቱ ክትባት እንዲሰጡ ፈቀደ። የአደጋ ጊዜ ፈቃድ አልፎ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ለፍሉና ለኮቪድ ክትባት ግን እስከ 2029 መጨረሻ ተራዝሟል። ብዙ ስቴቶችም የራሳቸውን ሕግ አሻሽለዋል።

ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ቴክኒሺያኗ ዕውቅና ያለው የተግባር ሥልጠና መውሰድ፣ የልብና የትንፋሽ የመጀመሪያ እርዳታ የምስክር ወረቀት መያዝ አለባት። ክትባቱ ይሰጥ ብሎ የሚያዘው ፋርማሲስቱ ነው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር በቅርብ መገኘት ያለበትም እሱ ነው። «አለርጂ አለብኝ፣ ልከተብ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ወደ እሱ ይሄዳል።

ሆስፒታል ውስጥስ?

ብዙ የማይወራለት ግን ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ትርጉም ያለው ለውጥ እዚህ ነው። አንድ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከተሳሳተ የደም ግፊት መድኃኒቱ ሊዘለል፣ ወይም አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። በጥድፊያ ውስጥ ያለ ሐኪም ወይም ነርስ ደግሞ ይህን ለማጣራት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሆስፒታሎች ይህን ሥራ ለሠለጠኑ ቴክኒሺያኖች መስጠት ጀምረዋል። ቴክኒሺያኑ ከታካሚው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቃል፣ የጠርሙሶቹን ጽሑፍ ያነባል፣ ሰፈሩ ላለው ፋርማሲ ይደውላል፣ ለቤተሰብ ይደውላል፣ የመጨረሻው ክኒን መቼ እንደተዋጠ ይመዘግባል። ምን ይቀጥል፣ ምን ይቁም የሚለውን ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ይወስናሉ።

የእኛን ሰው ዝርዝር ማውጣት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። «ያቺ ነጯ የግፊት» ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ አንቲባዮቲክ ይኖራል። ጓደኛ ያካፈለው የሕመም ማስታገሻ ይኖራል። ጥቁር አዝሙድና ፌጦ ደግሞ «መድኃኒት ነው ወይ?» ተብለው ስለማይታሰቡ ካልተጠየቁ አይነገሩም። በጥሞና የሚያዳምጥና «ሌላስ? ከአገር ቤት የመጣ ነገር የለም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ቦታ ላይ መኖሩ ልዩነት ያመጣል።

ፋርማሲስት ሳይኖር ፋርማሲ ሊከፈት ይችላል?

ኖርዝ ዳኮታ በ2001 ይህን መሞከር ጀመረች። ትንንሽ ከተሞች ፋርማሲስት አጥተው ፋርማሲዎቻቸው ሲዘጉ፣ ቴክኒሺያን በቦታው ሆኖ ፋርማሲስቱ በቪዲዮ የሚቆጣጠርበት አሠራር ተፈቀደ። ቴክኒሺያኑ መድኃኒቱን አዘጋጅቶ በካሜራ ያሳያል፤ ፋርማሲስቱ ከሌላ ከተማ ሆኖ ያረጋግጣል፣ ታካሚውንም በስክሪን ያነጋግራል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ስቴቶችም ተቀብለውታል። ትልልቆቹ የፋርማሲ ድርጅቶች ቅርንጫፎቻቸውን ሲዘጉ (ዋልግሪንስ በሦስት ዓመት ውስጥ 1,200 ያህል እንደሚዘጋ በ2024 አስታውቋል) ጉዳዩ የገጠር ብቻ መሆኑ እየቀረ ነው።

አገር ቤት ድራጊስት የነበረ ሰው እዚህ ምንድን ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ በዲፕሎማ የተመረቀ ድራጊስት መድኃኒት መደብርን በኃላፊነት ሊመራ ይችላል፤ «ፋርማሲ» የሚለው ደረጃ ነው ፋርማሲስት የሚጠይቀው። አሜሪካ ሲመጣ ግን በራሱ ኃላፊነት ሲያድል የኖረ ሰው ፋርማሲስት ፊርማውን እስኪያኖር ይጠብቃል። ዕውቀቱ አልቀነሰም። የሕጉ አወቃቀር ነው የሚለየው።

በዲግሪ የተመረቁ ፋርማሲስቶች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። የፋርማሲ ቦርዶች ብሔራዊ ማኅበር ከውጭ አገር ለተመረቁ የሚሰጠውን የብቃት ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም የስቴቱን ልምምድና የፈቃድ ፈተናዎች መጨረስ ይጠበቅባቸዋል። አንድ ወሳኝ ነጥብ አለ፦ ከ2003 መጀመሪያ ወዲህ የተመረቀ ሰው የአምስት ዓመት የፋርማሲ ትምህርት መማር ይኖርበታል። የአራት ዓመት ፕሮግራም የጨረሱ ሰዎች ማመልከቻ ልከው፣ ገንዘብ ከፍለው እዚህ ላይ እንዳይደናቀፉ አስቀድመው ያጣሩ። በዚህ ረጅም ሂደት መሃል በቴክኒሺያንነት መሥራት የተለመደ ነው፤ የአሜሪካን የመድኃኒት የንግድ ስሞችና የኢንሹራንስ አሠራር ለመልመድም ይረዳል።

ሌሎች አገሮች ምን ያደርጋሉ?

አሜሪካ በዚህ ቀዳሚ አይደለችም። በብሪታንያ ቴክኒሺያን ከ2011 ጀምሮ ሳይመዘገብ በዚያ ስም መጠራት አይችልም፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ አስቀድሞ በጽሑፍ በጸደቀ መመሪያ መሠረት የተወሰኑ መድኃኒቶችን ያለ ግለሰብ ማዘዣ መስጠት ተፈቅዶለታል። ዴንማርክ ዘንድ «ፋርማኮኖም» የሚባሉት ባለሙያዎች ሦስት ዓመት ይማራሉ፤ የፋርማሲዎቹን የባንኮኒ ሥራ በአብዛኛው የያዙት እነሱ ናቸው።

ሥራው ሲጨምር ደሞዙስ?

በጣም የማይመቸው ጥያቄ ይህ ነው። በፌዴራሉ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት በ2024 የፋርማሲ ቴክኒሺያን መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ 43,460 ዶላር ነበር፤ በሰዓት ወደ 21 ዶላር ገደማ ማለት ነው። የፋርማሲስት 137,480 ዶላር ነው። አሠሪው ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውር ልዩነቱን እያሰላ እንደሆነ ግልጽ ነው። ክትባት መስጠት፣ መፈተሽ፣ ታካሚ ማነጋገር ሲጨመር ክፍያውም አብሮ ይጨምር የሚል አገር አቀፍ ግዴታ የለም፤ አንዳንዱ ድርጅት ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። በ2023 መኸር የሲቪኤስና የዋልግሪንስ ፋርማሲስቶች በተለያዩ ከተሞች ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የቴክኒሺያን እጥረት ነበር። በዚህ ደሞዝ የሚገባ ሰው ከተገኘም ብዙ አይቆይም። ሥራን ማስፋት እጥረቱን የሚያቃልለው ሰዎቹ በሙያው ከቆዩ ብቻ ነው።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

በስፋት የሚታወቀው የምስክር ወረቀት ከ1995 ጀምሮ በፋርማሲ ቴክኒሺያን ማረጋገጫ ቦርድ የሚሰጠው ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ ቦርዱ የሚያውቀውን ሥልጠና መጨረስ፣ ወይም ቢያንስ 500 ሰዓት የሥራ ልምድ ማሳየት ያስፈልጋል። ፈተናው 90 ባለ አራት ምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ክፍያው 129 ዶላር ነው። የምስክር ወረቀቱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለማደስ 20 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ለመድኃኒት ፍተሻ፣ ለመድኃኒት ታሪክ አሰባሰብ፣ ለክትባት፣ ከጀርም ነፃ ለሆነ ቅመማ የተለያዩ ተጨማሪ ማረጋገጫዎች አሉ። የደሞዝ ጭማሪ ለመጠየቅ በእጅ ላይ የሚኖረው ማስረጃም ይኸው ነው።

የማሠልጠኛ ማስታወቂያ አይቶ ብዙ ሺህ ዶላር ከመክፈል በፊት ትምህርት ቤቱ በቦርዱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ነው። አንዳንድ ትልልቅ ፋርማሲዎች ራሳቸው እየከፈሉ ስለሚያሠለጥኑ መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ ያዋጣል። የምስክር ወረቀቱ አገር አቀፍ ይሁን እንጂ ለመሥራት የሚያስችለውን ምዝገባ የሚሰጠው የየስቴቱ የፋርማሲ ቦርድ ነው፤ ሜሪላንድ የተመዘገበች ቴክኒሺያን ወንዙን ተሻግራ ቨርጂኒያ መሥራት ብትፈልግ እዚያ እንደገና መመዝገብ አለባት።